ለኢሜይል ተጠቃሚዎች ዲጂታል ሰርተፊኬት አሰጣጥ፦ ከመዝገብ ቤት ማኅተም ወደ ድረ ገጽ

ሁለት ደብዳቤዎች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም በስልክ ካሜራ ተነስተው በኢሜይል የመጡ፣ ከዚያም እንደገና ታትመው የገቢ ቁጥር የተሰጣቸው ናቸው። የተጻፉበት ቀን በሦስት ሳምንት ይለያያል። ክቡ ሰማያዊ ማኅተም ግን በሁለቱም ላይ ከግርጌው አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፤ ከጠርዙ ፈስሳ የደረቀችው የቀለም ነጥብ እንኳ በሁለቱም ላይ አንድ ናት። በእጅ የተመታ ማኅተም ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አያርፍም። አንዴ ይደምቃል፣ አንዴ ይደበዝዛል፣ አንዴ ዘመም ይላል። ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ያረፈው ከመጀመሪያው ተቆርጦ የተለጠፈ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋ ጠርጥራ ባትደውል ኖሮ ክፍያው ወጥቶ ነበር።

ይህ መመሪያ ለእርስዎ ነው፤ በደብረ ማርቆስ ወይም በዙሪያዋ፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በሆስፒታል፣ በኮሌጅ ወይም በዞን መምሪያ የአይሲቲ ሥራ ለሚሠሩና የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል በእጅዎ ላለ ባለሙያ። ዓላማው እያንዳንዱ ሠራተኛ በውስጥ ድረ ገጽ በኩል የራሱን ዲጂታል ሰርተፊኬት እንዲያገኝ፣ የሚልከው ኢሜይል እንዲፈረም፣ ተቀባዩም መልእክቱ በእርግጥ ከዚያ አድራሻ መውጣቱንና መንገድ ላይ አለመነካቱን እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

ድሮ በቤተ መንግሥት የማኅተሙ ጠባቂ ጸሐፌ ትእዛዙ ነበር። ማኅተሙ ከደብዳቤው ራስጌ ያርፋል፤ ዋጋ የሚሰጠውም የቀለሙ ውበት ሳይሆን ከአንድ የታመነ እጅ አለመውጣቱ ነው። በዲጂታል ሰርተፊኬት ውስጥ ያንን ቦታ የሚይዘው የግል ቁልፍ ነው። የግል ቁልፉ ከባለቤቱ አይወጣም። ይፋዊው ቁልፍ ግን ለሁሉም ይሰጣል፤ ፊርማው የሚመሳከረው በእሱ ነው። ሰርተፊኬት የሚባለው ደግሞ «ይህ ይፋዊ ቁልፍ የዚህ ኢሜይል አድራሻ ባለቤት ንብረት ነው» ብሎ መሥሪያ ቤቱ የሚመሰክርበት አጭር ፋይል ነው። ከወረቀቱ ማኅተም የሚለይበት ትልቁ ነገር ፊርማው ከራሱ ከደብዳቤው ይዘት ተሰልቶ መውጣቱ ነው። የዛሬው ደብዳቤ ፊርማ ለነገው አይሆንም፤ ቆርጦ መለጠፍ አይቻልም። አንዲት አኃዝ ከ10,000 ወደ 100,000 ብትለወጥ ፊርማው ይፈርሳል።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት የሕጉን ወሰን ይወቁ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የሥር ሰርተፊኬት ባለሥልጣንነቱን ሁላችንም ኢንሳ ብለን ለምናውቀው ለዛሬው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ሰጥቷል። ሰርተፊኬት የመስጠት አገልግሎት የሚሠራ ድርጅትም ከዚያ ፈቃድ ያወጣል። እኛ እዚህ የምናቆመው የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ የኢሜይል ልውውጥ የሚጠብቅ ሥርዓት ነው። ከውጭ ሰው ጋር ውል ለመፈረም አይጠቀሙበት። ይህን በአንድ አንቀጽ ጽፈው በኃላፊዎ ያስፈርሙና ፋይል ያድርጉ፤ ነገ ጥያቄ ሲነሳ ይፈለጋል።

መጀመሪያ የሚወሰነው

ከመጫንዎ በፊት አንድ ውሳኔ አለ፤ ሰርተፊኬቱ ለመፈረም ብቻ ነው ወይስ ለማመስጠርም? ምክሬ በመፈረም ብቻ ይጀምሩ ነው። ምክንያቱን የቢሯችን ኑሮ ይነግረናል። ኮምፒውተር ቫይረስ ሲገባው መድኃኒቱ ፎርማት ነው፤ ፎርማት ሲደረግም የሰውየው የግል ቁልፍ አብሮ ይጠፋል። የመፈረሚያ ቁልፍ ቢጠፋ ሌላ ይሰጣል፤ የቀድሞዎቹ ደብዳቤዎች እንደተፈረሙ ይቆያሉ። የማመስጠሪያ ቁልፍ ቢጠፋ ግን በእሱ የተቆለፈው ደብዳቤ ሁሉ ተቆልፎ ይቀራል፤ እርስዎም ሆኑ ሌላ ማንም አይከፍተውም። እንደ ሆስፒታል የታካሚ ውጤት የሚላክበት ቦታ ማመስጠር ግድ ከሆነ፣ ለዚያ ሁለተኛ ሰርተፊኬት ይስጡ፤ የቁልፉ ቅጂ በሁለት ሰዎች ፈቃድ ብቻ በሚከፈት ቦታ ይቀመጥ። ሲያመሰጥሩም የኢሜይሉ ርዕስ አብዛኛውን ጊዜ ሳይመሰጠር እንደሚሄድ ለሠራተኛው ይንገሩ፤ የታካሚ ስም ርዕሱ ላይ አይጻፍ።

ማሽኑ

ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። እኔ የምመርጠው ኢጄቢሲኤ የሚባለውን ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር፣ የማኅበረሰብ እትሙን ነው። ሁለት የድረ ገጽ መስኮቶች አሉት፤ አንዱ የአስተዳዳሪው፣ ሌላው ተመዝጋቢው ጥያቄ የሚያቀርብበት። በዶከር ኮንቴይነር ሊያስነሱት ይችላሉ፤ ነገር ግን ከኮንቴይነሩ ውጭ ያለ ዳታቤዝ፣ ለምሳሌ ማሪያዲቢ፣ ሳያገናኙ ለእውነተኛ ሥራ አያውሉት። ኮንቴይነሩ ሲጠፋ የሰጧቸው ሰርተፊኬቶች መዝገብ አብሮ ይጠፋልና።

ሰርቨሩን በራስዎ ግቢ ውስጥ፣ በውስጥ ኔትወርክ ላይ ያቁሙ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰርተፊኬት ማውጣትም ማረጋገጥም ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ መስመሩ በተቋረጠ ቀን ሥራው ይቆማል። ከኢንተርኔትም ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባ በር አይክፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር የተባለው የሆላንድ ሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅት ሰርቨሮቹ በሰርጎ ገቦች ተሰብረው ከ500 በላይ የሐሰት ሰርተፊኬቶች ወጡ፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት ከሰረ። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ትንሽ ቢሆንም፣ ይህን ሰርቨር የያዘ ሰው በሥራ አስኪያጁ ስም መፈረም ይችላል።

የሥሩን ቁልፍና የዕለት ሥራ ቁልፍን ይለያዩ። የሥር ሰርተፊኬቱን ኔትወርክ ባልነካው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በ4096 ቢት አርኤስኤ ይፍጠሩ፤ ዘመኑ 10 ወይም 15 ዓመት ይሁን። በእሱ ለሠራተኞች ሰርተፊኬት የሚሰጠውን ሁለተኛውን፣ የዕለት ሥራውን ሰርተፊኬት ያጽድቁና ላፕቶፑን አጥፍተው በገንዘብ ያዡ ካዝና ውስጥ ያስቆልፉት። የይለፍ ቃሉን ለሁለት ከፍለው ግማሹን እርስዎ፣ ግማሹን ሌላ ኃላፊ በታሸገ ፖስታ ይያዝ። ነገ ሰርቨሩ ቢሰበር የሚሰረዘው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ ሥሩ ከተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ መነቀል አይኖርበትም።

ሰዓቱንም አሁን ያስተካክሉ። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ቦታ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት የኮምፒውተሩ ሰዓት ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ከዚያ ትናንት የወጣው ሰርተፊኬት «ገና አልጸናም» ይባላል፤ ሠራተኛው ደግሞ የእርስዎን ሥራ ይወቅሳል። በግቢው አንድ የሰዓት ሰርቨር አቁመው ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ ይቅዱ።

ፕሮፋይሎቹ

በአስተዳዳሪው መስኮት ሁለት ነገሮችን ያዘጋጃሉ። የመጀመሪያው የሰርተፊኬት ፕሮፋይል ነው። ለተጠቃሚ የተዘጋጀውን ዝግጁ ፕሮፋይል ቀድተው «የኢሜይል ፊርማ» የሚል ስም ይስጡት። የቁልፍ አገልግሎት በሚለው ሥር ዲጂታል ፊርማ የሚለውን ብቻ ምልክት ያድርጉ፤ ለማመስጠር የሚያገለግለውን ያንሱት። ተጨማሪ አገልግሎት በሚለው ሥር የኢሜይል ጥበቃን ብቻ ይተዉ። ዘመኑን አንድ ዓመት ያድርጉት።

ሁለተኛው የተመዝጋቢው ፕሮፋይል ነው፤ ከተመዝጋቢው ምን ምን መረጃ እንደሚጠየቅ የሚወስነው እሱ ነው። እዚህ ላይ የማይረሳው የኢሜይል አድራሻው በተለዋጭ ስም መስክ ውስጥ፣ አርኤፍሲ 822 በሚለው ሥር፣ ግዴታ ሆኖ መግባቱ ነው። የላኪው አድራሻ በሰርተፊኬቱ ውስጥ ካለው ጋር በአንዲት ፊደል ከተለየ የተቀባዩ ፕሮግራም ማስጠንቀቂያ ያወጣል። የመሥሪያ ቤቱን ዶሜይን ፕሮፋይሉ ላይ አስቀድመው ይቆልፉት፤ መዝጋቢው ከ@ ምልክቱ በፊት ያለውን ብቻ እንዲጽፍ። እንዲህ ካደረጉ በመሥሪያ ቤቱ ስም ለውጭ አድራሻ ሰርተፊኬት ማውጣት አይቻልም።

ስም

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ከየትኛውም ቅንብር የበለጠ ሥራ ያበላሸብኝ ስም ነው።

ፕሮግራሙ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። የእኛ ስም ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። አያቱን በቤተሰብ ስም መስክ ያስገባ መዝጋቢ ወንድማማቾችን በአንድ ስም፣ አባትና ልጅን በሁለት ስም ይመዘግባል፤ ዝርዝሩም በአያት ስም ተደርድሮ ማንም ማንንም አያገኝም። የቤተሰብ ስም መስኩን ጨርሰው ያስወግዱት። ሦስቱንም ስሞች በተለመደው ቅደም ተከተል በጠቅላላ ስም መስኩ ውስጥ ብቻ ያስገቡ። የራስና የአባት ስም አንድ የሆነባቸው ሁለት ሠራተኞች በአንድ ግቢ ውስጥ ማግኘት ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ አያት አይቀነስ፤ የሠራተኛ መለያ ቁጥርም ይጨመር።

ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። ሰርተፊኬቱ የአማርኛ ፊደል መያዝ ይችላል። ነገር ግን ፀሐይ የምትባል ሠራተኛ ስሟ በጸሎቱ ጸ ነው ወይስ በፀሐዩ ፀ? ኃይሉ በየትኛው ሀ? አንዱ መዝጋቢ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ከጻፈው ፍለጋው አያገኘውም፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸውና። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍም ከዚህ አይተናነስም፤ ጸጋዬን አንዱ በቲ-ኤስ፣ ሌላው በቲ-ዜድ ይጀምረዋል። ሕጉ አጭር ይሁን፤ ስሙ የሚጻፈው ሠራተኛው በያዘው መታወቂያ ላይ በታተመው አጻጻፍ ነው፤ መዝጋቢው አያርምም፣ አያሳምርም። መታወቂያው ስህተት ካለበት ሠራተኛው መጀመሪያ እሱን ያስተካክል።

መስኮቱ ላይ

ሰርተፊኬት የሚታመነው ሰውየውን ያየ ሰው ስላለ ነው። ስለዚህ ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ሠራተኛው በአካል ይምጣ፤ መታወቂያውን ያሳይ፤ መዝጋቢውም ስሙን ከሰው ኃይል ዝርዝር ጋር ያመሳክር። የቢሮ ኃላፊ ነኝ ብሎ ጸሐፊውን የሚልክ ይኖራል። አይቀበሉ። የሰው ማኅተም በሌላ ሰው እጅ አይሰጥም፤ ይህን ለትልቁም ለትንሹም እኩል ካላደረጉት ቢሮው በአንድ ወር ውስጥ ይናቃል።

ከዚያ በምዝገባ ድረ ገጹ አዲስ ጥያቄ የሚለውን ይክፈቱ፣ ያዘጋጁትን ፕሮፋይል ይምረጡ፣ ስሙንና አድራሻውን ያስገቡ። ሥርዓቱ የተጠቃሚ ስምና የመመዝገቢያ ኮድ ይይዛል። የተጠቃሚ ስሙን የማይገመት አድርገው ወደ ሠራተኛው ኢሜይል ይላኩት፤ ኮዱን ግን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው እዚያው በእጁ ይስጡት። ሁለቱ በአንድ መንገድ አይሂዱ። ሁለቱን ይዞ የመጣ ሰው በአካልም ታይቷል፣ የኢሜይል ሳጥኑም በእጁ ነው ማለት ነው። ለማጽደቅ ሁለተኛ ሰው እንዲጫን የሚያስገድደውንም ቅንብር ያብሩ፤ አንድ መዝጋቢ ብቻውን ለራሱ ወይም ለወዳጁ ማውጣት አይገባውም።

ሞጣ ወይም ቡሬ ላለ ሠራተኛ ወደ ደብረ ማርቆስ መመላለስ አይገባም። እዚያው አንድ የታመነ ሰው ይወክሉ፤ በአስተዳዳሪው መስኮት የሚሰጡት ሥልጣን የዚያን ቅርንጫፍ ተመዝጋቢዎች ብቻ የሚያሳየው ይሁን።

ቁልፉን ማን ያመንጨው?

ቀድሞ ይህ ቀላል ነበር፤ ብራውዘሩ ራሱ ቁልፉን ፈጥሮ ይፋዊውን ብቻ ይልክ ነበር። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፋየርፎክስ በ2019 ይህን ችሎታ አስወጡት። ስለዚህ የቆየ መመሪያ ይዘው የሚሠሩ ከሆነ የድረ ገጹን አዝራር ሲጫኑ ምንም አይፈጠርም፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

ዛሬ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ሠራተኛው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ኤክስሲኤ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ቁልፉን ፈጥሮ የጥያቄ ፋይሉን ብቻ በድረ ገጹ ላይ ይለጥፋል። ለመፈረሚያ ቁልፍ ትክክለኛው ይህ ነው፤ የሒሳብ፣ የግዥና የሬጅስትራር ሠራተኞችን ቢያንስ በዚህ ያስገቧቸው፤ አጠገባቸው ተቀምጠው ይርዷቸው፣ ለአንድ ሰው ሩብ ሰዓት ይበቃል። ሁለተኛው፣ ሰርቨሩ ቁልፉን ፈጥሮ ከሰርተፊኬቱ ጋር አንድ ላይ በፒ12 ፋይል ይሰጠዋል። ሁለት ሰው ብቻ ያለው የአይሲቲ ክፍል ሁለት መቶ ሠራተኛን በመጀመሪያው መንገድ ላያዳርስ ይችላልና ለቀሪዎቹ ይህን መጠቀም አይከፋም፤ ነገር ግን የቁልፍ ቅጂ የሚያስቀረው ቅንብር መጥፋቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

ፒ12 ፋይሉ የሚከፈተው በዚያው የመመዝገቢያ ኮድ ነው። እዚህ ጋ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። አዲሱ የፒ12 አመሰጣጠር ለቆዩ የዊንዶውስና የስልክ ሥሪቶች እንግዳ ነው፤ ሠራተኛው ኮዱን በትክክል ጽፎ እንኳ «የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው» ይለዋል። አምስት ጊዜ ደጋግሞ ከሞከረ በኋላ ተናዶ ይመጣል። ፋይሉን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱት፤ ከተከፈተ ችግሩ ኮዱ አይደለም፣ በቀድሞው አመሰጣጠር እንደገና ያውጡለት። ፋይሉን በቴሌግራም አይላኩ፤ ከተጫነም በኋላ ከዳውንሎድ ማህደሩ ውስጥ ይጥፋ።

መጫኑ

በተንደርበርድ የአካውንት ቅንብር ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ የሚለውን ይክፈቱና ወደ ኤስማይም ሰርተፊኬቶች ማስተዳደሪያ ይግቡ። ባለሥልጣናት በሚለው ትር መጀመሪያ የሥር ሰርተፊኬቱን ያስገቡ፤ «የኢሜይል ተጠቃሚዎችን ለመለየት እመነው» የሚለውን ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ሰርተፊኬቶችዎ በሚለው ትር ፒ12 ፋይሉን ያስገቡ፤ ተመልሰው ለፊርማ ይምረጡት፤ ሁልጊዜ ፈርም የሚለውን ያብሩ። በነባሩ (ክላሲክ) አውትሉክ መንገዱ ትረስት ሴንተር ውስጥ ባለው የኢሜይል ደኅንነት በኩል ነው። ኮምፒውተሮቹ በአንድ የዊንዶውስ ዶሜይን ሥር ከሆኑ የሥር ሰርተፊኬቱን በግሩፕ ፖሊሲ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ያድርሱ።

የግል ጂሜይሉን በብራውዘር የሚከፍት ሠራተኛ መፈረም አይችልም። ለውጭ ሰው የተፈረመ ኢሜይል ሲሄድም ተቀባዩ አንድ እንግዳ አባሪ ፋይል ሊያይ ይችላል፤ ቫይረስ አለመሆኑን አስቀድመው ያሳውቁ። የእርስዎ ሥር ሰርተፊኬት ከግቢው ውጭ አይታወቅምና የውጭ ሰው ማስጠንቀቂያ ቢያይ አይገረሙ።

ዘመን፣ መብራትና መሰረዝ

የማብቂያ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ይጻፋል፤ ሰዓቱም ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው። ከሌሊቱ ዜሮ ሰዓት ያበቃል ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። ማብቂያውን ከሐምሌ እስከ መስከረም አያድርጉት፤ ያኔ አንዱ በዓመት ፈቃድ ላይ ነው፣ ሌላው በዝውውር ላይ። ኅዳር ይሻላል፤ ከአንድ ወር በፊት የማስታወሻ ኢሜይል ይላኩ።

የተሰረዙ ሰርተፊኬቶች ዝርዝር በየቀኑ ይውጣ፤ የሚጸናው ግን ለሰባት ቀን ይሁን። መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋና ሰርቨሩ ቢተኛ፣ የአንድ ቀን ዝርዝር ጊዜው አልፎ ዝርዝሩን በሚያነቡ ፕሮግራሞች ሁሉ ላይ ማረጋገጫው ይናጋል። ዝርዝሩን ሁሉም ኮምፒውተር በሚደርስበት ተራ የውስጥ ድረ ገጽ ላይ ያኑሩት፤ አድራሻውም ከመጀመሪያው ሰርተፊኬት በፊት ፕሮፋይሉ ውስጥ ይግባ፣ ከወጣ በኋላ አይጨመርምና።

የመጨረሻው ሥራ ከኮምፒውተሩ ውጭ ነው። ሠራተኛ ሲለቅ ወይም ሲዛወር የሚሞላው የክሊራንስ ቅጽ ላይ፣ ከቤተ መጻሕፍቱና ከንብረት ክፍሉ ቀጥሎ፣ «የኢሜይል ሰርተፊኬት ተሰርዟል» የሚል አንድ ረድፍ ያስገቡ፤ የሚፈርሙበትም እርስዎ ነዎት። ከመፈረምዎ በፊት በአስተዳዳሪው መስኮት ሰርተፊኬቱን ፈልገው ምክንያቱን መርጠው ይሰርዙ፣ ዝርዝሩን እዚያው ያድሱ። የመጀመሪያውን ሳምንት በሙከራ ሰርተፊኬት ይለማመዱት፤ ለራስዎ የተፈረመ ኢሜይል ይላኩ፣ ሰርተፊኬቱን ይሰርዙ፣ እንደገና ይላኩ፤ በጎረቤትዎ ኮምፒውተር ላይ፣ ዝርዝሩን በማያነበው ተንደርበርድ ሳይሆን በአውትሉክ፣ ማስጠንቀቂያው እስኪወጣ ድረስ ለሁለተኛ ሰው አይስጡ።